ሠላሳ ደቂቃ በሚኒሞ

በእንግሊዝ አገር፣ በኮቨንትሪ ከተማ፣ ለመኪናው እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳ አንድ ሰው ነበር። መኪናዋ ጃጓር ኢ-ታይፕ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1963 እዚያው ኮቨንትሪ፣ ብራውንስ ሌን ከሚባለው ፋብሪካ የወጣች። ሞተሯ 3.8 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ ሦስት ካርቡራተር ነው። ያንን ረጅም ኮፈኗን የነደፈው ቀድሞ አውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ማልኮም ሴየር ነው፤ ቆማ እንኳ የምትሄድ የምትመስለውም ለዚህ ይሆናል።

ሰውየው ያገኛት ከአባቱ በውርስ ነው። አባቱ ነድቶ አልጠገባትም ነበር። ልጁ ግን ፈራላት። ዝናቡን ፈራ፣ ጠጠሩን ፈራ፣ የሌላውን ሾፌር ጥፋት ፈራ። ከጋራዥ ማውጣቱን ተወው። ሆኖም ቆሞ የሚቀር ሞተር ይደርቃል ሲሉ ሰምቷልና፣ እሑድ እሑድ ጠዋት ቾኩን ስቦ ያስነሳታል። ወንበር አምጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ሻዩን ይጠጣል። ሠላሳ ደቂቃ በሚኒሞ ትቆያለች። የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲልለት ደስ ብሎት ያጠፋታል፣ ሸራዋን አልብሶ ይወጣል።

ስምንት ዓመት እንዲህ አደረገ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ አንድም እሑድ አላጎደለም። ሲደመር ሞተሩ ከ200 ሰዓት በላይ ሠርቷል። የርቀት ቆጣሪዋ ግን አንዲት ቁጥር አልጨመረም።

በዘጠነኛው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ መኪናዋ እምቢ አለች። ሞተሪኖው ያቃስታል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። በስንት ልመና ሲነሳም ጥቁር ጭስ ተፍቶ፣ ተንገጫግጮ ይጠፋል። ሰውየው ቢጨንቀው በወጣትነታቸው ብራውንስ ሌን የሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ለምኖ አመጣ።

አዛውንቱ ብዙ አልተናገሩም። አንዷን ካንዴላ ፈትተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት፤ ጥላሸቱ እጁን አጠቆረው። የዘይት መለኪያውን ስበው በጣታቸው ጫፍ ነኩ። ዘይቱ እንደ ውሃ ቀጥኖ ወረደ፤ አሽትት አሉት፣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። የዘይት መሙያውን ክዳን ገለበጡት፤ ውስጡ ቅቤ የመሰለ ነጣ ያለ አተላ ጋግሯል። በመጨረሻ ከመኪናዋ ሥር ገብተው ማርሚታውን በካቻቢቴ ጫን ቢሉት፣ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ሰመጠ።

«ግን እኮ በየሳምንቱ አሙቄያት ነበር፤ መለኪያውን እያየሁ!» አለ ሰውየው።

«ያ መለኪያ የውሃውን ነው የሚነግርህ፣ ወዳጄ። ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ውሃዋን አሙቀህ ዘይቷን እንደበረደ ትተኸው ነበር።»

ከዚያ ቁጭ ብለው አስረዱት። ቀዝቃዛ ሞተር ቾክ ተስቦለት ሲሠራ አቃጥሎ ከሚጨርሰው በላይ ቤንዚን ይገባበታል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ከዘይት ያጥበዋል፤ በፒስተኑ ፋሻ በኩል ሾልኮ ወርዶም ዘይቱን ያቀጥነዋል። ብረት ከብረት የሚፋተገው ያኔ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ደግሞ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። መንገድ ላይ ያ ውሃ በሙቀቱ ተንኖ ይሄዳል። በሚኒሞ ግን ማርሚታው ውስጥ አቁሮ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል፤ ከዘይቱም ጋር ተደባልቆ ያንን አተላ ይሆናል። ባትሪውም ቢሆን ለማስነሻ ያወጣውን አላስመለሰም፤ የዚያ ዘመን ዲናሞ በሚኒሞ የሚሰጠው እዚህ ግባ አይባልም። ሞተሩ ሲንደቀደቅ ደግሞ ሌላው አካሏ እንደቆመ ነው። የፍሬኑ ዲስክ ዝጓል፤ ፍሪሲዮኑ ተጣብቆ ማርሽ አላስገባ ብሏል።

ሰውየው አንገቱን ደፋ። እኔን የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው፤ ያጠፋት በፍቅሩ ነውና።

አዛውንቱ ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ወንበሩን አዩት።

«የማን ነው?»

«የእኔ ነው። እስክትሞቅ የምቀመጥበት።»

«በሩስ?»

«ብርዱ ስለሚገባ ገርበብ አደርገዋለሁ።»

አዛውንቱ ትኩር ብለው አዩት። «ራስህን ያምሃል?»

ሰውየው ደነገጠ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ራሱን ይወቅረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ዕድሜ ነው ብሎ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። አዛውንቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ምን እንደሆነ ነገሩት። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ሰውን እንቅልፍ እንደወሰደው አድርጎ ይገድላል። ወንበሩንም በገዛ እጃቸው አንስተው ደጅ ሣሩ ላይ አኖሩት።

ጥገናው ብርዱ እስኪያልፍ ፈጀ። ፋሻው ተቀየረ፣ ማርሚታው ተቀየረ፣ ዲስኩ ታደሰ። አዛውንቱ እየሠሩ የድሮውን ያወሩለታል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1961 ኢ-ታይፕ ጄኔቫ ላይ ለዓለም ስትታይ፣ ሊሞክራት የመጣው ሰው ስለበዛ ሌላ መኪና ቶሎ ይምጣ ተባለ፤ የፋብሪካው ሙከራ ነጂ ኖርማን ዴዊስ ከኮቨንትሪ ተነስቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ጠዋት ጄኔቫ ደረሰ። «ለዚህ ነው የተሠራችው» አሉት። «በሁለት ሳምንት አንዴ ሠላሳ፣ አርባ ኪሎሜትር ውሰዳት። አስነስተህ ብዙ ሳትጠብቅ ቀስ ብለህ ውጣ፤ ዘይቷ እስኪሞቅ አታስጩኻት። መንዳት ካልቻልክም ዘይቷን ቀይረህ፣ ባትሪዋን ነቅለህ ተዋት፤ ትተኛ። አስነስተህ አታቁማት።»

መጀመሪያ የወጡ ቀን ሰማዩ ያካፋ ነበር። ሰውየው ልመለስ ብሎ አዛውንቱን አያቸው፤ እሳቸው ቀበቷቸውን አሰሩ። ከጋራዡ ሲወጡ ከኋላዋ ሁለት የጭስ ቱቦዎች ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ኬነልወርዝን አለፉ፣ ዎሪክን አለፉ፤ እጁ መሪው ላይ እየላላ መጣ። ስትራትፎርድ ደርሰው ሲቆሙ አዛውንቱ ወርደው መሐረባቸውን ቱቦው አፍ ውስጥ አዙረው አወጡና አሳዩት። ኮፈኗ በዝናብ ርሷል፤ መሐረቡ ግን ደረቅ ነበር።