የማን እጅ ሥራ ነው? ስለ ዘር ንቀት ለክርስቲያኖች የተጻፈ ምክር

በቆቦና በራያ ቆላ ለምትኖሩ ምእመናን ሁሉ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ከዞብል ተራራ በታች ባለው ሜዳ የምትዘሩት ማሽላ በምን ይታረሳል? በማረሻ አይደለምን? ማረሻውንስ የሠራው ማን ነው? ቀጥቃጩ ወናፉን እያናፋ በእሳት ፊት ላቡን አፍስሶ ሠራው። እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ፣ ወጡ የሚበስልበት ድስት፣ ጠላው የሚጠመቅበት ጋን የሸክላ ሠሪዋ እጅ ሥራ ነው። በበዓል ቀን የምትለብሱትን ኩታ የሠራው ሸማኔው ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች እጅ ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ሳይለብስ ያደገ ከመካከላችን ማን ነው?

ነገር ግን ድስቷን ወደ ቤታችን አስገብተን እርስዋን ከደጅ የምናቆም ሰዎች አለን። ማረሻውን ተሸክመን ወደ እርሻ እንሄዳለን፤ ቀጥቃጩን ግን ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው፣ በሌሊት ጅብ ይሆናል ብለን እናማዋለን። ልጁ ልጃችንን ቢያጭ አጥንት እንቆጥራለን። አያቱ በባርነት የተሸጠበትንም ሰው ጨዋ አይደለም ብለን ከዝምድና እናርቀዋለን። ይህ ሁሉ የሚነገረው በሹክሹክታ፣ ባለቤቱ በሌለበት ነው። ስለዚህ የሚመልስ የለም፤ የሚታረምም የለም።

ዐዋጅስ ጠፍቶ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1916 ዓ.ም.፣ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ንጉሥ የሰውን እጅ ከሰንሰለት ሊፈታ ይችላል፤ የጎረቤትን ልብ ግን በዐዋጅ ሊከፍት አይችልም። ይህ የቀረው ሥራ የእኛ ነው።

አንድ ሰው እንዲህ ይል ይሆናል፦ «እኔ ማንንም አልመታሁም፤ የማንንም ገንዘብ አልወሰድሁም፤ የአባቶቼን ልማድ ብቻ እጠብቃለሁ።» ወዳጄ ሆይ፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ በአንጾኪያ ያደረገውን አስብ። ማንንም አልመታም፤ ማንንም አልሰደበም። ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋራ ይበላ ነበር፤ የወገኖቹን ሰዎች በፈራ ጊዜ ግን ከማዕድ ራቀ። ጳውሎስም ይህን እንደ ትንሽ ነገር አልቈጠረውም፤ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ከማዕድ መራቅ ወንጌልን መካድ ሆኖ ታየው። ጳውሎስ ራሱ ድንኳን ሠሪ ነበረ። ጌታችንም በአናጢ ቤት አደገ። ታዲያ የእጅ ሥራን የሚንቅ ሰው የማን ደቀ መዝሙር ነኝ ሊል ይችላል?

የዚህን ንቀት ክፋት በወባ ወራት ተመልከቱ። ዝናሙ ካቆመ በኋላ በቆላ ትንኝ ይበዛል፤ ሕፃኑም በትኩሳት ይነድዳል። ወባን የምታመጣው ትንኝ እንደ ሆነች በትምህርት ታውቋል፤ መድኃኒቱም በሐኪም ቤት አለ። ነገር ግን ዘመድ ተሰብስቦ «ቡዳ በላው፤ የማን ዐይን ነው?» እያለ ቀን ያሳልፋል። በዚያ ቤት ሁለት ነፍስ ይበደላል፤ ሕፃኑ መድኃኒቱን ያጣል፤ ጎረቤቲቱም ስሟን ታጣለች።

የዘር ንቀት የእኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1865 ባርነት በሕግ ተሻረ፤ ነገር ግን በደቡቡ ክፍል ጥቁሩ ሰው ከነጩ ጋራ በአንድ ወንበር እንዳይቀመጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማር ሌላ ሕግ ተሠራበት። በ1955 በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮቹ በየቤተ ክርስቲያናቸው እየተሰበሰቡ በግልጥ ተመካከሩ፤ ከአንድ ዓመት በላይም በአውቶቡስ ሳይሳፈሩ በእግራቸው ሄዱ። ልዩነቱን የሚከለክለው ታላቁ ሕግ የወጣው በ1964 ነው። ከነጻነቱ ዐዋጅ እስከዚያ ድረስ መቶ ዓመት ያህል ነው።

እነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያን እንደ እናታቸው ቤት ይመለከቷት ነበር። በወሎ የተወለዱት ዶክተር መላኩ በያን በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው ከእነርሱ ወገን ሚስት አገቡ። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በኒውዮርክ በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ጥቁሮቹን ለኢትዮጵያ አስተባበሩ። እነዚያም አጥንታችንን ሳይቈጥሩ ወንድሞቻችሁ ነን አሉ። ከልጆቻቸው አንዱ ዛሬ ወደ ቆቦ ገበያ መጥቶ ሸክላ ሠሪዋ ለብቻዋ በተለየ ሲኒ ቡና ስትጠጣ ቢያይ ምን እንመልስለታለን? ወንበሩ የተለየበት ሰው ሲኒው የተለየባትን ሴት ወዲያው ያውቃታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን ዝምታውን እናንሣ። በቅሬው፣ በማኅበሩ፣ በዝክሩ ይህ ነገር በግልጥ ይነገር፤ የተናቀው ሰው ራሱ ተቀምጦ ይነገር። ፊተኛውም ቃል የእርሱ ይሁን። የሚናገረው ቢያስቈጣችሁ እንኳ አታቋርጡት፤ እናንተ አንድ ሰዓት የምትሰሙትን እርሱ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞታል። ቀጥሎም ሲኒው አንድ ይሁን፤ ወንበሩም አንድ ይሁን። ልጆቻችሁ በሚሰሙበት ቤት ቡዳ የሚለው ስም በሰው ላይ አይጠራ። ሁለት ወጣቶች ለመጋባት ቢፈቅዱ ስለ ጠባያቸውና ስለ እምነታቸው ጠይቁ፤ ስለ አያታቸው ሥራ ግን አትጠይቁ። ሽማግሌዎች ሆይ፤ ደም የተቃቡትን የምታስታርቁ እናንተ፣ ደም ሳይፈስስ የቈሰለውንም ሰው ጕዳዩን ተቀበሉ።

ይህ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ ከጠይቡ ጋራ የሚበላ ሰው ዘመዶቹ ያሙታል፤ ምናልባትም ልጁን የሚያጭለት ያጣል። ነገር ግን ጌታችን ከተናቁት ጋራ በበላ ጊዜ እርሱም ታምቶአል። ሐሜቱን ከእርሱ ጋራ መካፈል ክብር ነው።

እግዚአብሔር አዳምን ከአፈር እንዳበጀው ታምናላችሁ። ሸክላ ሠሪዋም አፈር አቡክታ ታበጃለች። ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ምጣዳችሁን ተመልከቱ፤ የማን እጅ ሥራ እንደ ሆነም አስቡ፤ ነገ ሠሪዋን ለምሳ ጥሩአት። አሜን።