«ምን ተሰማሽ?» ብሎ ስለ መጠየቅ

ባለፈው ሰሞን ላውንጅ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ አንድ የሕክምና ተማሪ ጓደኛችን ከመጽሐፉ አንድ ሥዕል ገልጦ አሳየን። የሰው ሥዕል ነው፤ ግን ምን ዓይነት ሰው! ከንፈሩ ፊቱን የሞላ፣ አውራ ጣቱ ከጭኑ የወፈረ፣ ጀርባው ደግሞ የኮሰመነ። «ሰው አንጎሉ ውስጥ ይህን ይመስላል» አለን። ሳቅን። ሳቃችን ሳያበቃ አንዲት እኅታችን መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችና፣ «ይኼ እኮ ወንድ ነው፤ የሴቷስ የታለ?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ዝምታ ነው።

የሥዕሉ ታሪክ እንዲህ ነው። በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ ይሠራ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሲያክም የራስ ቅላቸውን የሚከፍተው ነቅተው እያሉ ነበር። ይህ ጭካኔ እንዳይመስለን፤ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ ቆዳው ከደነዘዘ በሽተኛው ከሐኪሙ ጋር እየተነጋገረ ሊታከም ይችላል። ሐኪሙ የአንጎሉን ገጽ በደካማ ኤሌክትሪክ ነካ እያደረገ «ምን ተሰማህ?» ይለዋል። በሽተኛውም «አውራ ጣቴን ነዘረኝ»፣ «ምላሴን» እያለ ይመልሳል። በተነካው ቦታ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ትቀመጣለች። ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ እ.ኤ.አ. በ1937 ታተመ፤ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የምናየው ሥዕል ደግሞ በ1950 ወጣ። በዚህ ካርታ ላይ ሰፊ ቦታ የሚያገኘው ግዙፍ የሆነው አካል አይደለም፤ ስሜቱ የረቀቀው ነው። ከእግር ጣቶች ሥር፣ ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ፣ የወንድ ብልት ተሥሏል። የሴቷ የለም።

ለምን? ቦታው ስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ ለመነካት አለመመቸቱ አንዱ ምክንያት ነው። ይሉኝታም ሳይኖርበት አይቀርም ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ያ ካርታ የተሠራው በኤሌክትሪክና በቃል ነው። ኤሌክትሪኩ ቢነካም አፍ ካልተናገረ ወረቀቷ አትቀመጥም።

ወደ ራሳችን ቋንቋ እንምጣ። «ብልት» ማለት ማንኛውም የአካል ክፍል ነው። እናቶቻችን ዶሮ ሲገነጥሉ 12 ብልት ያወጣሉ፤ ስሙን ጠርቶ ያፈረ የለም። ቃሉ ወደ ሰው ሲዞር ግን ድምፃችን ዝቅ ይላል፤ «ኀፍረተ ሥጋ» እንላለን። ኀፍረቱን ከስሙ ጋር ሰፍተነዋል ማለት ነው። አንጎላችን ግን ይህን ስም አያውቅም፤ ያንንም አካል እንደ እጅና እንደ ጉልበት ተቀብሎ ቦታ ሰጥቶታል።

የሴቷ ቦታ በዝርዝር የተጠናው ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ በ2021 ደግሞ በጀርመን በርሊን፣ ተመራማሪዎች የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ መሣሪያ የቂንጥርን ስሜት ፈለጉ (ቃሉን ስንጽፍ እጃችን እንደከበደን አንደብቅም)። የመጀመሪያዎቹ ፔንፊልድ ወዳመለከተው ስንጥቅ ጠቆሙ፤ የበርሊኖቹ በ20 ሴቶች ላይ አይተው ከዳሌ አጠገብ አገኙት፤ ትክክለኛ ቦታውም ከሴት ሴት ይለያያል አሉ። ካርታው ገና አላለቀም። ቢሆንም መጠየቅ ተጀምሯል።

«ታዲያ ይሉኝታ ነውር ሆነ እንዴ?» የሚለን አይጠፋም። አልሆነም። ያ በሽተኛ አልናገርም ቢል መብቱ ነው፤ ምሥጢሩ የራሱ ነው። የሰውን ገመና መሸፈን ከአባቶቻችን የወረስነው ጨዋነት ነውና አንንቀውም። ግን አንድ ሰው ስለ ራሱ ዝም ማለቱና ሌላው ሳይጠይቀው ማለፉ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ነፃነት ነው፤ ሁለተኛው ያንን ሰው ከካርታው ያጠፋዋል።

ይህ የአንጎል ሐኪሞች ጣጣ ብቻ ቢሆን ባልጻፍን። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ፤ ብዙዎቹም በሕፃንነታቸው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ድርጊቱን ከልክሏል። ሕጉ አለ፤ ምላጩም አለ። ስሙ የማይጠራ አካል ሲቆረጥም የሚጠራው የለም። ፔንፊልድ ሊያድን ሲቆርጥ እንኳ መጀመሪያ ይጠይቅ ነበር። ያቺን ሕፃን «ምን ተሰማሽ?» ያላት ማን ነው? ካደገች በኋላስ ማን ጠየቃት? «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ እዚህ ላይ ግን የሸሸግነው እኛው ነን።

ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ታናሽ እኅት የምትጠብቀን ብዙዎች ነን። እናትና አባታችን ፊት ቃሉን አውጥተን «ይህቺ ልጅ አትነካም» ለማለት አንደበታችን ይታዘዘን እንደሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እርግጠኞች አይደለንም። ያቺ እኅታችን ግን ያን ሁሉ ወንድ ፊት ለፊት እያየች ጠይቃለች።