የተለቀቀው ዓሣ

ዓሣን ለመብላት መያዝ ሰው የሚባል ፍጡር ከውኃ ዳር ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። ለመልቀቅ ብሎ መያዝ ግን የቅርብ ዘመን ልማድ ነው። ለዚህ ልማድ በቋንቋችን ደኅና ቃል ገና አላበጀንለትም፤ ‹‹ስፖርታዊ ዓሣ ማጥመድ›› ስንል አጥማጁን እናስባለን እንጂ መንጠቆ ከንፈሩን የወጋውን ዓሣ አናስብም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ይህን የሚመለከት ነው። አንድ አባት ልጁን ይዞ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ ያጠመደውንም መልሶ ወደ ውኃው ይሰደዋል። ለልጁ ያስተማረው ምንድን ነው? ርኅራኄን ነውን?

በናይሮቢ ለምንኖር ሰዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከከተማይቱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የናይቫሻን ሐይቅ እናገኛለን። ከቱርካና ወይም ከቪክቶሪያ ጋር ቢተያይ ትንሽ ውኃ ነው፤ ሆኖም በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ካሉት ጨው አልባ ሐይቆች አንዱ በመሆኑ ዓሣውም፣ ጉማሬውም፣ ደንገሉም፣ ዓሣ በል ንስሩም ሞልቶበታል። ዝዋይን ወይም ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ዳርቻው ላይ ሲቆም ልቡ ሳያስበው አገር ቤት ይገባል። በሳምንቱ መጨረሻ ቀናት የእኛም ሰዎች ቤተሰባቸውን ይዘው ወደዚያ መውረድ ከጀመሩ ቆይተዋል።

በሐይቁ ዝነኛ የሆነው የመንጠቆ ዓሣ ባስ ይባላል። አፉ ሰፊ፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ኃይለኛ አዳኝ ነው። የትውልድ ቦታው ግን ሰሜን አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 (ዓመታቱን ሁሉ የጠቀስሁት በዚሁ አቆጣጠር ነው) በቅኝ ግዛቱ ዘመን ለመዝናኛ የሚሆን ታጋይ ዓሣ ስለተፈለገ ተጭኖ መጥቶ ናይቫሻ ውስጥ ተጨመረ። ከዚያ በፊት ሐይቁ የራሴ የሚለው አንድ ጣት የማታክል ዓሣ ብቻ ነበረው፤ ይህች ዓሣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1962 ሲሆን ለመጥፋቷ በዋናነት የሚወቀሰው ባስ ነው። ባሱን ራሱን መውቀስ ግን አይገባም። የመጣው ተይዞ፣ የሚበላውም ያገኘውን ነው። እኛም በዚህ አገር መጤዎች ስለሆንን በመጤነት ብቻ ለመፍረድ የምንቸኩል አይመስለኝም።

ለጨዋታ ተብሎ የመጣው ዓሣ ውሎ አድሮ እንጀራ ሆነ። ከ1959 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የንግድ መረብ ሲፈቀድ ባስና በ1950ዎቹ የተጨመሩት የቲላፒያ ዘሮች የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኑ። በ1970 ደግሞ በአማርኛ ስም ያላገኘው፣ ባለመቀስ እጁ ክሬይፊሽ ተጨመረ፤ ባሱም እርሱን መብላት ለመደ። በ2000ዎቹ ዓመታት ካርፕ የሚባለው ዓሣ የመረቡን አብላጫ ያዘ። በአንድ ሐይቅ ውስጥ የአንዱ ዘመን ጨዋታ የሌላው ዘመን ራት መሆኑን ልብ ይሏል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወዳጄና የስምንት ዓመት ሴት ልጁ በተከራዩት ጀልባ አብሬአቸው ተሳፍሬ ነበር። ጊዜው ማለዳ ነው፤ ከቀትር በኋላ ሐይቁ በነፋስ ስለሚናወጥ አጥማጆች ማልደው ይወጣሉ። ናይቫሻ የሚለው ስም ራሱ የሚናወጥ ውኃ ከሚል የማሳይ ቃል የመጣ ነው። ልጅቷ በደንገሉ ጥግ የጣለችው ክር ድንገት ተወጠረ። ዘንጉን ከአባቷ ጋር ይዛ አንድ ደኅና ባስ ጎትታ አወጣች። የደስታዋን መጠን መናገር አያስፈልግም። አባትየው ዓሣውን በእርጥብ እጁ ይዞ መንጠቆውን ከአፉ አላቀቀና ወደ ውኃው ሊመልሰው ዝቅ አለ።

‹‹አባዬ፣ አንበላውም እንዴ?››

‹‹አይ ልጄ፣ ይሂድ፤ ያሳዝናል።››

‹‹ካሳዘነህ ታዲያ ለምን ያዝከው?››

አባትየው ሳቀ፤ ዓሣውም ሄደ። አማርኛ የማይሰማው ጀልባ ነጂ ግን ዓሣው እስኪሰወር ድረስ በዐይኑ ሸኘው። ለእርሱ ያ ዓሣ ምን እንደነበረ ለመገመት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

የልጅቷ ጥያቄ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ይዞ የመልቀቁ ልማድ ከየት እንደመጣ እንይ። የባስ አጥማጆችን ማኅበር የመሠረተው አሜሪካዊው ሬይ ስኮት በ1972 በውድድሮቹ ላይ የተያዘው ዓሣ በሕይወት እንዲለቀቅ የሚያበረታታ ደንብ አስጀመረ። ምክንያቱ ቁጠባ ነበር፤ አጥማጁ ሲበዛ ውኃው እንዳይራቆት። ይህ በጎ ምክንያት ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ቁጠባ የዓሣን ዘር ይመለከታል፣ ርኅራኄ ደግሞ በእጅ ያለውን አንዱን ዓሣ። ወዳጄ ‹‹ያሳዝናል›› ሲል የመጀመሪያውን ምክንያት በሁለተኛው ልብስ ማልበሱ ነው፤ ልጅቷም ልብሱ እንደማይልከው ወዲያው አየች።

ዓሣ ያመዋል ወይ? የሚለው ክርክር ከዚህ ይከተላል። በ2003 ሊን ስኔደን የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በትራውት ዓሦች ከንፈር ውስጥ የንብ መርዝና የሆምጣጤ አሲድ ወግተው ነበር። ዓሦቹ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዙ፣ አሲድ የተወጉትም ከንፈራቸውን በጠጠር ይፈትጉ፣ ወደ ምግባቸው ለመመለስም ካልታመሙት እጅግ ይዘገዩ ጀመር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጄምስ ሮዝ የተባለ ሊቅ፣ ዓሣ እንደ እኛ ያለ የአንጎል ቅርፊት ስለሌለው ሕመምን አውቆ ሊሰማው አይችልም ብሎ ነበር፤ ዛሬም በዚህ ሐሳብ የጸኑ አሉ። በእኔ አስተያየት ግን አንድ ነገር በጨዋታ ላይ በጥርጣሬ ሲቀርብ ጥርጣሬው ለተጫዋቹ ሳይሆን ለተጫወቱበት ሊታሰብለት ይገባል። ስዊዘርላንድ በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ለመልቀቅ አስቦ ዓሣ ማጥመድን የከለከለችው ከዚህ በማይርቅ ሐሳብ ነው። ልትበላው ካልሆነ አትያዘው ማለቷ ነው። ለብዙ አጥማጅ ይህ የተገላበጠ ሕግ ይመስለዋል፤ ለእኛ ግን እንግዳ አይደለም።

እንግዳ ያልሆነበትም ምክንያት ይህ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአገራችን ከብት ሲያርድ የፈጣሪን ስም ይጠራል። ያለ ስም የታረደ አይበላም። ልማዱ ስለ እንስሳው ሕመም የተጻፈ ፍልስፍና ባይኖረውም ነፍስ ያለ ምክንያት እንደማትነካ፣ ምክንያቱም በአፍ ተነግሮ እንደሚነካ ያስታውሳል። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር እዚህ ላይ አልቀሰቅሰውም፤ ከጀመርነው ገጹ አይበቃንም።) ሕፃን ልጅ በሬ ሲታረድ አይቶ ቢያለቅስ አባቱ የሚመልሰው አለው፤ ዓሣው በደስታ ምክንያት ከተወጋ በኋላ ሲለቀቅ ግን አባት የሚመልሰው ሳቅ ብቻ ሆነ።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ለእንስሳ በቀጥታ ግዴታ የለብንም፣ ነገር ግን በእንስሳ ላይ የጨከነ በሰው ላይ መጨከን ይለምዳል የሚል አሳብ ነበረው። እኔ በመጀመሪያው ክፍል አልስማማም። ሁለተኛው ግን ለወላጅ ከምንም በላይ የሚያስፈራ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ጀልባ ላይ የሚታነጸው የዓሣው ጠባይ አይደለም። ደግሞም ጭካኔ ሁልጊዜ በጭካኔ መልክ አይመጣም። ጎድቶ ‹‹ያሳዝናል›› ማለትን፣ ካዘኑም በኋላ ዘንጉን እንደገና መወርወርን የለመደ ልጅ፣ ኋላ በሰው መካከልም ይህንኑ ሥርዓት በቀላሉ ያገኘዋል።

በዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ጠንካራ ተቃውሞም ነው። ያ ማለዳ ባይኖር ኖሮ ልጅቷ ሐይቁን አትወደውም ነበር፤ ሐይቁን ያልወደደ ደግሞ ሲደርቅም ሲመረዝም አይቆረቆርለትም። የከተማ አባት ከልጁ ጋር ስልክ ሳይጮህበት ሦስት ሰዓት የሚቀመጥበት ሌላ ስፍራ አለውን? ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን የተከፈለው ዋጋ በዓሣው መንጋጋ የተከፈለ ነውና አባት ዋጋውን ደብቆ ትርፉን ብቻ ለልጁ ማሳየት አይገባውም። ወዳጄ ‹‹አንቺን ደስ እንዲልሽ ብዬ ወጋሁት›› ቢላት ኖሮ እርሷ ራሷ መልሱን ትመዝነው ነበር።

እኔ የምመርጠው መንገድ ያረጀ ነው። ለራት የሚበቃ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ተይዞ፣ ወዲያው ጭንቅላቱን ተመትቶ እንዳይሠቃይ ተደርጎ፣ ልጁም እያየ ተጠርጎ ይበላ። ከዚያ በኋላ ዓሣው ገና እየነከሰ ሳለም ቢሆን ዘንጉ ይሰብሰብ። ናይቫሻ ሀብቱ ተመናምኖ በ2001 ለአንድ ዓመት ማጥመድ የታገደበት ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ መቆጠብ ያስፈልጋል፤ መቆጠብ ግን በመተው እንጂ ሃያ ወግቶ ሃያ በመልቀቅ ላይሆን ይችላል። ጀልባ ነጂውም ትርፍ ዓሣ ቢሰጠው ይቀየማል ብዬ አልሰጋም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አባቶችን ይመለከታል። የባስ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ የሚቀረው ወንዱ ነው። ጥልቀት በሌለው ጠረፍ ላይ በጭራው ወለሉን ጠርጎ ክብ ጎጆ ያበጃል፤ እንቁላሉ ሲፈለፈልም ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ለሳምንታት ይጠብቃቸዋል። በዚያ ጊዜ የሚበላው ጥቂት ነው፤ የተጠጋውን ሁሉ ግን ይነክሳል፤ ስለዚህ መንጠቆውንም ይነክሳል። በጥንቃቄ ተይዞ ሳይጎዳ ቢለቀቅ እንኳ፣ በሌለባት በዚያች አፍታ ሌሎች ዓሦች ጎጆውን ሊዘርፉት ይችላሉ። በሰሜን አሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች በመራቢያው ወቅት ባስ ማጥመድን የሚከለክሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ጠረፉ ላይ የተጠረገ ክብ ወለልና ከአጠገቡ የማይርቅ ዓሣ ያየ አባት፣ ጀልባውን ፈቀቅ አድርጎ ለልጁ ማሳየት ይችላል። ክር ሳይጣል የሚታይ ነው።

መልስ ያላገኘሁለት አንድ ጉዳይ ግን ይቀራል። የመጠን ገደብ ባለበት ውኃ ትንሽ ዓሣ መንጠቆውን እስከ ጉሮሮው ውጦ ቢወጣስ? ሕጉ ልቀቀው ይላል፤ ዓሣው ደግሞ ሊሞት ይችላል። ልምድ ያላቸው አጥማጆች መንጠቆውን ለማውጣት አይታገሉም። ስንጥቡንና ጉሮሮውን ከሚቀድዱት ክሩን ከአፉ አጠገብ ቆርጠው ከነመንጠቆው ይሰዱታል፤ እንዲህ የተለቀቀው በሕይወት የመቆየት ዕድሉ የተሻለ መሆኑ ተፈትኖ ታውቋል። ልጅቷ ‹‹ብረቱ ከውስጡ ቀረ እኮ፣ አባዬ›› ብትል፣ አባትየው ከመሳቁ በፊት መቀሱን አስቀምጦ እንዲቀመጥ፣ ክሩን ለምን እንደቆረጠውና ዓሣው አሁን ምን ይዞ እንደሄደ አንድ በአንድ እንዲነግራት እወዳለሁ።