የሰቡት በጎችና ውሃው



ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው፣ ከቃሊቲ በታች አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። ግድቡ ለመብራት ተሠራ፤ በዳርቻው ለሚኖረው ገበሬ ግን የሚደርሰው የከተማው ፍሳሽ ነው። ከብቱ ይጠጣዋል። በወንዙ የሚለማው ጎመንም ወደ ገበታችን ይመለሳል።

ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 የሰቡትን በጎች የሚወቅሰው ስለ ጠጡ አይደለም፤ የተረፈውን በእግራቸው ስላደፈረሱ ነው። እኛ ካህናት ምዕራፉን ስለ ክፉ እረኞች ብቻ እየሰበክን ይህን አልፈነዋል።

ኅሊናችንን ስንመረምር ስርቆትንና ሐሰትን እንቆጥራለን፤ በዝናብ ሌሊት የመጸዳጃ ጉድጓዳችንን ወደ ወንዙ መልቀቃችንን ግን አንቆጥረውም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ምእመናንን ለንስሐ ስታዘጋጁ ይህንንም ጠይቁ፤ ከእኛም ጀምሩ።