ጊታሩን የሠራው ማን ነው?

አንድ ሰው በቤቱ ጓሮ ባበጃት ጠባብ የሥራ ክፍል ውስጥ፣ በኮምፒዩተር በሚመራ መኪና እንጨት ቀርጾ፣ ሽቦ ጠምጥሞ፣ ክር ወጥሮ የኤሌክትሪክ ጊታር ካበጀ በኋላ «ይህን መሣሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ» ቢል፣ የተናገረው እውነት ነውን? ላይ ላዩን ሲያዩት ጥያቄው የእንጨት ሠራተኞች የቡና ላይ ክርክር ይመስል ይሆናል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን፣ በሠሪና በሥራው መካከል ያለው ዝምድና ምን እንደ ሆነ፣ ክብሩም ዕዳውም የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የግብረ ገብ ጉዳይ ነው። የብዕር ሰው ሆኜ ሳለሁ ስለ ፍሬዛና ስለ መሮ መጻፌ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፣ ይኸው ጥያቄ የግጥምንና የተውኔትንም ደጃፍ ማንኳኳት ከጀመረ መሰንበቱን ያስታውስልኝ። ከዚህ በታች የማወሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ መኪናው። ሲ ኤን ሲ እየተባለ የሚጠራው ይህ መኪና በመሠረቱ ፍሬዛ ነው፤ በፍጥነት የሚሽከረከር ስለት እንጨቱን እየፋቀ ይቀርጻል። የሚለየው፣ ስለቱን ወዲያና ወዲህ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመራው የሠራተኛው ክንድ ሳይሆን በቁጥር የተጻፈ ትእዛዝ በመሆኑ ነው። የጊታሩ ገላ በኮምፒዩተር ይነደፋል፤ ውፍረቱ 45 ሚሊ ሜትር ያህል፣ አንገቱ የሚገባበት ጎድጓዳ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት እንዲኖረው ይወሰናል፤ ንድፉም ስለቱ ወደሚጓዝበት መንገድ ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ቆሞ የሚመለከት ብቻ ይመስላል።

ይመስላል እንጂ አይደለም። ስለቱ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የውስጥ ማዕዘኑን ሁልጊዜ አክብቦ ይተወዋል፤ ማዕዘኑ ሹል ይሁን ካሉ መሮ አንሥቶ በእጅ መጨረስ ግድ ነው። ጉዞው ከዘገየ እንጨቱን ያሳርራል፤ ከቸኮለ ስለቱ ይሰበራል፤ የእንጨቱን ጭረት ተቃርኖ ከሄደ ደግሞ የጊታሩን ቀንድ ገንጥሎ ሊጥል ይችላል። ከሁሉም የሚያስደንቀው፣ ጠርቡ ከታሰረበት አንዲት ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት፣ በየቤቱ የሚገኘው ርካሽ መኪና ይህን የሚያውቅበት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስሕተቱን እስከ መጨረሻው በፍጹም ታማኝነት ይቀርጸዋል። ድምፁ ሲለወጥ መስማት፣ ጭሱን ማሽተት፣ በጊዜውም ማቆም የሰውየው ፈንታ ነው።

የእጅ ሥራ ወዳጆች በዚህ አይረኩም። የእነርሱ ምስክር ብዙውን ጊዜ፣ በኋላ ኩዊን በተባለው የሙዚቃ ቡድን ስሙ የገነነው እንግሊዛዊው ብሪያን ሜይ ነው። ሜይ የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1963፣ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ከነበረው አባቱ ጋር ሆኖ ጊታር መሥራት ጀመረ፤ በመደብር የሚሸጠውን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። አንገቱ የተጠረበው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ላይ ከተነሣ እንጨት ነው፤ ነቀዝ የቦረቦረውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈኑት። ለክሩ ማርገብገቢያ የአሮጌ ሞተር ብስክሌት የቫልቭ ሞላ ተጠቀሙ። በአንገቱ ላይ ምልክት የሆኑት ነጥቦች ከእናቱ የስፌት ሣጥን የወጡ አዝራሮች ናቸው። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ያ ጊታር በ2002 ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ተሰምቷል። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ እኔም እንደ ማንኛውም ሰው እወደዋለሁ።

ነገር ግን ይኸው ምስክር አንድ ተጨማሪ ቃል አለው። የኤሌክትሪክ ጊታር ልብ ፒክአፕ የሚባለው ክፍል ነው፤ በማግኔት ዙሪያ በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ በሽቦውም ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። ሜይ መጀመሪያ ይህንንም በገዛ እጁ ጠመጠመ፤ በመጨረሻ ግን በርንስ የተባለው ፋብሪካ የሚሠራውን ገዛ። እንግዲህ «በእጅ የተሠራ» ማለት «ብቻ የተሠራ» ማለት አይደለም። በአንገቱ ላይ የተሰደሩትን የብረት ዘንጎች ርቀት እንኳ ብንመለከት፣ ክሩ 648 ሚሊ ሜትር ርዝመት ካለው፣ ለ17.817 ሲካፈል የመጀመሪያው ዘንግ ከ36.4 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል፤ ቀሪው ርዝመት እንደገና በዚሁ ቁጥር እየተካፈለ ይቀጥላል። የሥነ ፈለኩ ሊቅ የጋሊሌዮ አባት ቪንቼንዞ ጋሊሌይ በ1581 ለዚሁ ጉዳይ 18ን መክሮ ነበር። በመጋዝም ይሁን በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው በዚህ የሙታን ሒሳብ ላይ ነው የሚቆመው።

እጅና መኪና መለያ ካልሆኑ፣ መለያው ምንድን ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጠን የመኪናው የራሱ የትውልድ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሁለት መንገዶች ተከፍተው ነበር። አንደኛው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ የሞከረው ነው። የሠለጠነ ሠራተኛ ዕቃውን በእጁ ሲቀርጽ መኪናው እንቅስቃሴውን በማግኔት ቴፕ ይቀዳዋል፤ ከዚያም ያንኑ ይደግማል። ሁለተኛው የሚሺጋኑ ጆን ፓርሰንስ ለሄሊኮፕተር ክንፍ ሥራ ካፈለቀው ሐሳብ ተነሥቶ፣ በአየር ኃይሉ ገንዘብ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተዘጋጅቶ በ1952 ለትርኢት የበቃው ነው። በዚህኛው፣ ዕቃው አስቀድሞ በቢሮ ውስጥ በሒሳብ ይገለጻል፤ ቁጥሩ በተበሳ ወረቀት ወደ መኪናው ይሄዳል፤ ሠራተኛውም ወረቀቱን አስገብቶ ይጠብቃል። በመጀመሪያው መንገድ ዕውቀቱ ከሠራተኛው እጅ ይመነጭ ነበር። በሁለተኛው ሳይነካው ያልፋል።

ያሸነፈው ሁለተኛው ነው። ታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ኖብል በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ድሉ የቴክኒክ ብልጫ ብቻ እንዳልነበረ፣ አሠሪዎች የሥራውን ሥልጣን ከመሥሪያ ወለሉ አንሥተው ወደ ቢሮ ለመውሰድ መሻታቸውም እንደ ነበረበት ተከራክሯል። እርግጥ ነው፣ የአውሮፕላንን ውስብስብ ቅርጽ እጅ ቀርጾ ቴፕ ሊቀዳው አይችልም ነበር፤ በዚህ ረገድ ኖብል ነገሩን ከልክ በላይ ያጠበቀ ይመስለኛል። ቢሆንም የጠየቀው ጥያቄ የሚጣል አይደለም፤ መኪናው የሰውን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ፍርዱንም ሲወስድበት፣ ሰውየው ምን ሆኖ ይቀራል?

የጊታር ፋብሪካዎችም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። በ1950 ለገበያ ያወጣው ጊታር ገላው ድፍን እንጨት፣ አንገቱ በአራት ቡሎን የሚታሰር ነው፤ በቅርጽ ማውጫ ተመርቶ በብዛት እንዲመረት ታስቦ የተነደፈ ነበር። እንግዲህ የእጅ ሥራ ከሚባሉት ወገን አይደለም። ነገር ግን በ1950ዎቹ በዚያ ፋብሪካ አንገት ይቀርጽ የነበረው ታዴዮ ጎሜዝ፣ ከገላው ጋር በሚጋጠመው በአንገቱ ተረከዝ ላይ የስሙን ፊደላትና ቀኑን በእርሳስ ይጽፍ ነበር። በ1956 ተቀጥራ እስከ 2013 የሠራችው አቢጌል ይባራም ከጠመጠመቻቸው ፒክአፖች ሥር ስሟን ታኖር ነበር። ስሞቹ የተጻፉት ገዢው በማያየው ቦታ ነው። ጊታሩ ካልተፈታ በቀር አይገኙም። ዛሬ ሰብሳቢዎች ለእነዚህ ፊደላት ብዙ ገንዘብ መክፈላቸው፣ ሲጻፉ ከነበረው ደመወዝ ጋር ሲተያይ ሌላ ድርሰት ይወጣዋል።

አሁን ወደ ጓሮው ሰው እንመለስ። ይህ ሰው ፋብሪካው የነጠላቸውን ሁለት ሰዎች፣ ማለት ነዳፊውንና መኪና ጠባቂውን፣ በአንድ ገላ ሊያገናኝ ይችላል። መስመሩን ራሱ ከሣለ፣ የስለቱን ፍጥነት ራሱ ከወሰነ፣ የመጀመሪያው ጠርብ ተሰንጥቆ ሲጣል ምክንያቱን ከፈለገ፣ «አንገቱ እዚህ ላይ ለምን ሳሳ?» ተብሎ ሲጠየቅም «እጄ እንዲያርፍበት ብዬ» የሚል መልስ ካለው፣ መኪናው ለእርሱ ከሞረድና ከመላጊያ የተለየ ነገር አይደለም፤ ሠሪው እርሱ ነው። በአንጻሩ ያለቀ ፋይል ከሰው ተቀብሎ አዝራሩን ከተጫነ፣ የተወለደውም ዕቃ ለምን እንዲያ እንደ ሆነ ካላወቀ፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ገንዘቡ የ1952ቱን ወረቀት አስገቢ ሆኗል። ሁለቱ ሰዎች ያንኑ መኪና ነው የገዙት። ሁለቱ ጊታሮች ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ምናልባት ዐይን አይለያቸውም፤ ጆሮም እንዲሁ። ለዚህ ነው ጥያቄው የዕቃ ሳይሆን የሰው ጥያቄ ነው የምለው።

በእኛ ቋንቋ የጉዳዩ ክብደት በይበልጥ ይሰማል። ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ለማዋረድ ሲነገር የኖረው «ጠይብ» የሚለው ቃል ከ«ጠቢብ» ጋር የአንድ ሥር ቅርንጫፍ ነው። ጥበቡ እየተፈለገ ጥበበኛው የተናቀበት አገር ልጆች ነን። ዛሬ ክራርም ኤሌክትሪክ ተቀጥሎለት በመድረክ ላይ ይሰማል፤ ገላውን በሲ ኤን ሲ ለመቅረጽም የሚያግድ ነገር የለም። ይህ ሲሆን የቅርጹ ልክ የሚወሰደው ከአንድ ሽማግሌ ክራር ሠሪ እጅ ከወጣ ዕቃ ነው። ልኩ ቁጥር ሆኖ ፋይል ውስጥ ከገባ በኋላ፣ የሽማግሌው ስም በቁጥሮቹ መካከል የት ይቀመጣል?

ጥያቄው ሥራውን በሐቅ ለሠራውም ሰው ይቀራል። የሣለው መስመር ከአንድ የ1950ዎቹ ፌንደር ላይ የተለካ ሊሆን ይችላል፤ የዚያ አንገት ክብነት ደግሞ ጎሜዝ በመዳፉ እየዳበሰ ያገኘው ነው። ጓሮ የተሠራውም ጊታር ተረከዝ አለው፤ አራቱ ቡሎኖች ሳይጠብቁ በፊት እርሳስ የሚያሳርፍበት ጥቂት ጣት ስፋት ያለው ቦታ አለ። የራሱን ስም ብቻ የሚጽፍበት ሰው ዋሸ አልልም። ሁለት ስም ለመጻፍ ግን ቦታው አይጠብም።