ስለ ርኵሰት ሰፈር ክርክርና ስለ ልብ ንጽሕና

የንባብ ክፍል፦ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ከቁጥር 14 እስከ 23



ፈሪሳውያን ስለ እጅና ስለ ጽዋ መታጠብ በጠየቁት ጊዜ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ልብ መለሰላቸው፤ የሰው ርኵሰት ምንጩ በገዛ ልቡ ውስጥ እንዳለም ሕዝቡን አስተማረ። በዚህ ቃል ብርሃን በዘመናችን የተደረገውን አንድ ክርክር እንመለከታለን። ክርክሩ የተነሣው በአሜሪካ አገር ነው፤ ነገር ግን ስልክ የገባበትን ቤት ሁሉ ስለሚነካ የእኛንም ቤት ይነካል።

ኢንተርኔት በሚባለው መረብ ላይ እያንዳንዱ ገጽ የራሱ አድራሻ አለው። የአድራሻው መጨረሻ፥ ለምሳሌ «ነጥብ ኮም» የሚለው፥ እንደ ሰፈር ስም ያገለግላል። እነዚህን የሰፈር ስሞች የሚቈጣጠረው በ1998 በካሊፎርንያ የተቋቋመው አይካን የሚባል ድርጅት ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን። በ2000 አይ ሲ ኤም ሬጂስትሪ የሚባል ኩባንያ የዝሙትን ሥዕል ለሚያሳዩ ገጾች «ነጥብ ኤክስ ኤክስ ኤክስ» የሚል ልዩ ሰፈር እንዲፈቀድ ጠየቀ፤ አልተፈቀደለትም። በ2004 እንደ ገና ጠየቀ። በ2005 አይካን ስለ ውሉ ለመነጋገር ፈቀደ፤ ዳሩ ግን ወደ 6,000 የሚጠጉ የተቃውሞ ደብዳቤዎች ለአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር ስለ ደረሱ ነገሩ ቈየ። በ2006ና በ2007 ጥያቄው ተከለከለ። ኩባንያው አቤት ብሎ በ2010 ገለልተኞች ዳኞች በብዙኃን ድምፅ ፈረዱለት። በመጨረሻም ማርች 18 ቀን 2011 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በተደረገው ስብሰባ 9 ሰዎች ደግፈው፥ 3 ተቃውመው፥ 4 ድምፅ ሳይሰጡ ቀርተው ሰፈሩ ተፈቀደ።

የደገፉት ሰዎች ምክንያታቸው ከንቱ አልነበረም። ርኵሰት በየመንገዱ ከሚበተን አንድ ስፍራ ቢሰበሰብ አባትና እናት፥ አስተማሪም አንዱን በር ዘግተው ልጆችን ሊጠብቁ ይችላሉ አሉ። በተቃዋሚዎች ወገን ግን ከቶ አብረው ያልቆሙ ሰዎች ተገናኙ። ስለ ቤተ ሰብ የሚቈረቈሩ የክርስቲያን ማኅበሮች፥ ለኃጢአት ስም ያለው ሰፈር መስጠት እንደ ክብር ይቈጠርለታል፤ ነጋዴዎቹም ወደዚያ እንዲገቡ ስለማይገደዱ የቀድሞውን ሱቅ ሳይለቁ ሁለተኛውን ይጨምራሉ ብለው ተቃወሙ። የርኵሰቱ ነጋዴዎች ማኅበር ደግሞ፥ መንግሥታት በአንድ በር ይዘጉብናል ብሎ ስለ ፈራ ተቃወመ። እንዲህም እረኛውና ተኵላው በአንድ አጥር ላይ አብረው ጮኹ። የመረቡንም አሠራር የሚያውቅ ዶናልድ ኢስትሌክ የሚባል ሰው በ2004 በጻፈው ጽሑፍ፥ ነውር የሚባለው ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ስለሚለያይ ለዓለም ሁሉ ማን ይፈርዳል? ስምስ በቍጥር አድራሻ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይደለምን? የሚያሰኝ ክርክር አቀረበ።

ፍጻሜው ምን ሆነ? በ2011 መጨረሻ ሰፈሩ ለሁሉ ተከፈተ። ታላላቆቹ የርኵሰት ገጾች ግን «ነጥብ ኮም» ከሚለው ከቀድሞው ስፍራቸው አልወጡም። ይልቁንም ብዙ ኮሌጆችና የታወቁ ኩባንያዎች ስማቸው በዚያ በር ላይ እንዳይጻፍ ሲሉ ገንዘብ ከፈሉ። በ2015 ደግሞ ለዚሁ ነገር ሌሎች የሰፈር ስሞች ተጨመሩ። ከዚህ አስቀድሞ በ2002 በአሜሪካ በወጣ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የተለየ ንጹሕ ሰፈር ተሠርቶ ነበር፤ ከአጥሩ ውጭ የሚያወጣ መንገድ እንዳይኖርበትም ታዘዘ። የገቡበት ጥቂቶች ስለ ነበሩ ግን በ2012 ሥራው ቆመ። ለርኵሰት የተሠራው አጥር ርኵሰትን አልያዘም፤ ለልጆች የተሠራውም አጥር ልጆችን አልሰበሰበም።

እንግዲህ ከዚህ ነገር ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ፥ አጥርን አንናቅ። እግዚአብሔር ሕግንና ሹማምንትን የሰጠው ክፋት እንዲገታ፥ ደካማውም እንዲጠበቅ ነው። ስለዚህ የሕዝብ አስተዳዳሪዎች ሕፃናትን ለመጠበቅ ሲመክሩ ልናግዛቸው ይገባል። በቤታችንም የልጁ ስልክ ሌሊት በመኝታው እንዳያድር የሚከለክል አባት፥ መዝጊያውንም እንዴት እንደሚያበጅ ከሚያውቅ ጠይቆ የሚያበጅ፥ የእግዚአብሔርን ሥራ ይሠራል። ስድስተኛው ትእዛዝ በልጆቹ ቤት ብቻ አይቁም፤ በአባትየውም እጅ ባለው ስልክ ላይ ይዘዝ። ልጅ የሚሰማው ከአባቱ አፍ ነው፤ የሚከተለው ግን የአባቱን ዓይን ነው።

ሁለተኛ፥ በስም አንታለል። እነዚያ ሥዕሎች «ለአዋቂዎች ብቻ» ይባላሉ። አዋቂ ማለት ዕውቀት ያለው፥ ለነገሩ ልክ ያበጀ ሰው ማለት ነው። ሌሊቱን በስውር ሲያይ አድሮ በጧት የሚስቱን ፊት ቀና ብሎ ለማየት የሚያፍር ሰው በምን ዕውቀቱ አዋቂ ተባለ? በሥዕሉ ላይ የምትታየውስ ሴት የማን ልጅ ናት? አንዳንዶቹን ችግር፥ አንዳንዶቹን ማታለል ወደዚያ አግብቷቸዋል። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረች ነፍስ ለዓይን ሸቀጥ ስትሆን የሚመለከታት ሁሉ ገዢ ነው፤ ዋጋ ባይከፍልም ገበያውን ያቆመው እርሱ ነው።

ሦስተኛ፥ አጥር ልብን እንደማያነጻ እንወቅ። ንጉሥ ዳዊት በቅጥር በታጠረ ከተማ፥ በዘበኞች መካከል ይኖር ነበር፤ ነገር ግን በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው ከሰገነቱ ላይ ሆኖ አየ። ቅጥሩ ጠላትን ከለከለ፤ ዓይኑን ግን አልከለከለም። ከማየት ወደ መውሰድ፥ ከመውሰድ ወደ መግደል ደረሰ። ነቢዩ ናታን በመጣ ጊዜ ስለ ሰገነቱ ቁመት አልተናገረውም፤ የልቡን ነገር ገለጠበት። ዳዊትም የቤቱን ቅጥር ከፍ ለማድረግ አልተሳለም፤ በመዝሙር 51 እንደምናነበው እግዚአብሔር ልቡን አዲስ አድርጎ እንዲያነጻለት ለመነ። ሕግ ኃጢአተኛውን ከደጅ ያቆመዋል፤ ከደጅ ቆሞ መመኘቱን ግን ሊያስተወው አይችልም። በበሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳም ለሚሸሸው ሰው ማስጠንቀቂያ፥ ለሚፈልገው ሰው መንገድ አመልካች ይሆናል።

ምናልባት ይህን ከሚያነቡት መካከል ለብዙ ዘመን በዚህ እስራት የተያዘ ሰው ይኖር ይሆናል። በማኅበር ይዘምራል፥ በጉባኤ ይጸልያል፤ ደጁን ከዘጋ በኋላ ግን ይሸነፋል። ወዳጃችን ሆይ፥ ሺህ ጊዜ ምለህ ሺህ ጊዜ አፍርሰህ እንደ ሆነ፥ መሐላህ ስላላዳነህ ክርስቶስ አያድነኝም አትበል። እርሱ ከኃጢአተኞች ጋር በአንድ ማዕድ የተቀመጠው ነውራቸውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አውቆ ቀረባቸው፤ አውቆም ስለ እነርሱ ሞተ። በጥምቀት የተቀበልኸው ስም ከዚያ በር ሰሌዳ ይበልጣል። ኃጢአት በጨለማ ይፋፋልና ሂድ፥ ለመጋቢህ ወይም ለታመነ ወንድም ተናዘዝ፤ የስርየትንም ቃል ከሰው አፍ እንደ እግዚአብሔር ቃል ስማ። በነጋም ጊዜ ዳግመኛ ብትወድቅ ዳግመኛ ተነሥተህ ወደዚያው ወደ ምሕረት ዙፋን ና።

ምእመናን ሆይ፥ እንዲህ ያለ ወንድም ሲመጣ በራችንን አንዝጋበት። የዓለም ጉባኤ ለርኵሰት የሚሆን ሰፈር ለመለየት ዐሥር ዓመት የፈጀ ክርክር አደረገ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ለንስሓ የሚሆን ስፍራ በአንዲት ሌሊት እንኳ ልታጣ አይገባትም።

ጌታ ሆይ፥ ልጆቻችንን ጠብቅ፤ ዓይኖቻችንን ከከንቱ ነገር መልስ፤ የተሸጡትንና የተታለሉትን አስብ። የልባችንን በር አንተ ክፈት፥ አንተም ግባበት፤ ከገባህም በኋላ ለሌላ አትተውልን። ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ ስማን። አሜን።