ብዙ ጆሮ ያለው አንደበት

በዘመናችን ዲን የሚያስተምረው ኡስታዝ፣ መንዙማ የሚያሰማው ወጣት፣ የምግብ አሠራር የምታሳየው እህት ሳትቀር በዩቲዩብና በቲክቶክ በሺዎች ይደመጣሉ። በአገር ውስጥ አንድ ነገር በተከሰተ ቁጥርም «ለምን ዝም አላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይጎርፍላቸዋል። ዝም ያለ ፈሪ ይባላል፤ የተናገረ ደግሞ «ምን አገባው?» ይባላል። ታዲያ የቱ ይሻላል?

ኢስላም ዝምታን በራሱ መልካም ሥራ አላደረገውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአላህና በመጨረሻው ቀን ያመነ ሰው መልካም እንዲናገር፣ አለዚያ ዝም እንዲል ሲያስተምሩ መልካም ንግግርን አስቀድመዋል። በጨቋኝ ገዥ ፊት እውነትን መናገርንም ከታላላቅ ጂሃድ ቆጥረውታል። ይሁን እንጂ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ አዞናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት። በሱረቱ ኒሳእም የጸጥታም ሆነ የስጋት ወሬ ሲደርሳቸው ለሚያውቁት ሳያቀርቡ የሚያሰራጩትን ወቅሷል።

እነዚህን ሁለት ትእዛዛት አጣምሮ መያዝ እንደሚቻል ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል (ረሒመሁላህ) አሳይተውናል። ኸሊፋው መእሙን በ218 ዓመተ ሂጅራ «ቁርኣን ፍጡር ነው» የሚለውን አቋም ዑለማኡ እንዲቀበሉ ማስገደድ ሲጀምር ብዙዎች እሺ አሉ። ኢማሙ እምቢ ብለው ታሰሩ፤ በሙዕተሲም ዘመንም ተገረፉ። ቃላቸውን ጽፎ የሚከተል ብዙ ሕዝብ እንዳለ ያውቁ ነበርና እሱን ማሳሳት ከጅራፉ ይልቅ ከበዳቸው። እኚሁ ሰው ግን በዋሲቅ ዘመን የባግዳድ የፊቅህ ሊቃውንት መጥተው በኸሊፋው ላይ ስለመነሳት ሲያማክሯቸው፣ የሙስሊሞች ደም እንዳይፈስ ሰግተው ከለከሏቸው። በሚያውቁት ጉዳይ የራሳቸውን ጀርባ ሰጡ፤ የሌላውን ደም ግን አልሰጡም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ በቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ጥቃት ደርሶባቸው ሰዎች ተገደሉ። ይህን ግፍ መናገርና ፍትሕ መጠየቅ ተገቢ ነበር፤ ዝም ማለት የተበዳይን ሐቅ መተው ነው። በዚያው ሳምንት ግን ወራቤ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን ጎረቤት ጎንደር ላይ ምን አደረገ? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አስጠንቅቆናል። «በደሉን የፈጸሙት ይጠየቁ» በማለትና «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» በማለት መካከል ያለው ልዩነት ለተናጋሪው ጥቂት ቃላት ነው፤ ለሰሚው ጎረቤት ግን ቤቱና ሕይወቱ ሊሆን ይችላል።

እንግዲያው ብዙ ሰሚ ያለው ሰው ከመናገሩ በፊት ራሱን ይጠይቅ፤ ነገሩን አውቄዋለሁ ወይስ ሰምቼዋለሁ? ብሳሳት ዋጋውን የምከፍለው እኔ ነኝ ወይስ የማላውቀው ሰው? አውቆ፣ አጣርቶና ዋጋውን ራሱ ሊሸከም ቆርጦ የሚናገር ይናገር። ያላወቀም «አላውቅም» ቢል ነውር የለበትም፤ ታላላቅ ዑለማእ ሲሉት ኖረዋል። እኛ ወላጆችም የምንወደውን ኡስታዝ በየዕለቱ «ተናገር» እያልን አንገፋፋው፤ ልጆቻችንም የሰሙትን ለሌላ ከማስተላለፋቸው በፊት «ከማን ሰማህ?» ብለን እንጠይቃቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) እውነትን የሚናገር፣ ከግፍም የሚታቀብ አንደበት ይስጠን። አሚን።